ፈጣኗን የኤሌክትሪክ መኪና ልትገዙ ላሰባችሁ፦ ከደሴ የራሴን ልንገራችሁ

ሰሞኑን ደሴ ላይ ቡና ብትጠጡ ወሬው ፈጣኗ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ነው። ጎሚስታ ቤት ጎማ ብታስነፉም እሱው ነው። "ከዜሮ እስከ መቶ በሁለት ሰከንድ!" ይላል አንዱ። "ዋጋዋስ?" ይላል ሌላው። ከዚያ ሁሉም ስልኩን ያወጣና ዩዋኑን በብር ያባዛል። "እንዴ! ለካ ይሄን ያህል ብቻ ነው?" የሚል አይጠፋም። እኔን የሚያስፈራኝ ይቺ "ብቻ" የምትለው ቃል ናት። እኔም እንዲሁ አባዝቼ ነው የገባሁበት።

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ሱቄ መጣ። ተመርቆ ሥራ ከያዘ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል፤ ገንዘብ ቆጥቧል። "ጋሼ፣ ቀብድ ልከፍል ነው። እርስዎ ነድተው አይተውታልና እስኪ ይምከሩኝ" አለኝ። ሱቁን ለሠራተኛዬ ትቼለት ቁጭ ብለን አወራን። ስንጨርስ ሌላውም ሰው ቢሰማው ብዬ አሰብኩ። ገንዘብ ብቻ ከስሬ ቢሆን ዝም እል ነበር።

ከመነሻው ልጀምር። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። እኔ ያኔ አሮጌ ቪትዝ ነበረችኝ። እቁብም ደርሶኝ ነበር። ተገጣጥማ ለምትገባ የኤሌክትሪክ መኪና በዚያን ጊዜ የሚከፈለው የጉምሩክ ቀረጥ 15 በመቶ ነበር። ኤክሳይዝም፣ ተጨማሪ እሴት ታክስም፣ ሱር ታክስም አልነበረባትም። ብዙው ሰው ትንሿን ቢዋይዲ ሲጋል ወይም የቮልስዋገንን አይዲ 4 ይገዛ ነበር። እኔ ግን አንድ ማታ ቪዲዮ አየሁ። ፊትና ኋላ ሞተር ያላት፣ ከ500 በላይ የፈረስ ጉልበት ያላት፣ በ3.8 ሰከንድ 100 የምትገባ። በቃ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ስሟን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም።

ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "የት ነው የምትነዳት?" አለች። "ኮምቦልቻ፣ ሐይቅ፣ አልፎ አልፎ አዲስ አበባ" አልኳት። "ታዲያ በእነዚህ መንገዶች ላይ ይሄ ሁሉ ሩጫ ለምንህ ነው?" ብላ ወደ ጀበናዋ ዞረች። መልስ አልነበረኝም። መልስ ያጣሁለትን ጥያቄ ዘልዬ ማለፌ የመጀመሪያው ስህተቴ ነው። ከሌሎቹ ሁሉ የባሰው እሱ ነው ብዬ ዛሬም አምናለሁ።

ሰኔ ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ከአንድ አስመጪ ጋር ተዋዋልኩ። ዋጋው 5 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ነው ተባልኩ። ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ። ውሉ ሁለት ገጽ ነበር። አንደኛውን ገጽ አነበብኩ፤ ሁለተኛው ላይ ፈረምኩ። እዚያ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከፊርማዬ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የምንዛሪ ለውጥ ቢመጣ ልዩነቱን ገዢው ይከፍላል የምትል አንዲት መስመር ነበረች።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተባለ። 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ቀናት ውስጥ ሽቅብ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። መኪናዬ ገና ጅቡቲ ነበረች። ቀረጡ በአዲሱ ምንዛሪ ነው የሚታሰበው ተባለ። ማጓጓዣውም እንዲሁ። 1 ሚሊዮን 350 ሺህ ብር ጨምር አሉኝ። ልከራከር ብሞክር ሁለተኛውን ገጽ ገልጠው አሳዩኝ። ቪትዟን ሸጥኩ። የጎደለውን ከወንድሜ ተበደርኩ። ወንድሜ ያኔ ለልጁ ሰርግ ያስቀመጠው ገንዘብ ነበር። እስካሁን ከፍዬ አልጨረስኩም።

እዚህ ላይ አደራ ልበላችሁ። ቻይና ውስጥ የተነገረ ዋጋ ቻይና ላለ ገዢ የተነገረ ነው። እዛና ደጃችሁ መካከል መርከብ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ፣ ጅቡቲ አለ፣ ቀረጥ አለ፣ የአስመጪው ትርፍ አለ፣ ቻርጀርና የቤት መስመር አለ። ስለዚህ "ስንት ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። "ሊብሬዋ በስሜ ወጥቶ፣ ሰሌዳዋ ተለጥፎ፣ እጄ ላይ ስትገባ ስንት ነው?" በሉ። መልሱን በቃል አትቀበሉ። ምንዛሪ ቢጨምር ማን እንደሚከፍል፣ ብትዘገይ ቀብዱ እንዴት እንደሚመለስ በውሉ ይጻፍ። ለሕግ አዋቂ የሚከፈል ጥቂት ሺህ ብር አይክበዳችሁ። እኔ እሷን ለማዳን ብዬ ነው ሚሊዮኑን የከፈልኩት።

መኪናዋ መጣች። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አያት። ልጆች በመስኮት አንገታቸውን አስገቡ። ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የሚጠይቀኝ፤ ስንት እንደምትሮጥና ስንት እንደገዛኋት። ዳገት ላይ ስንት ትበላለች፣ ጎማዋ የት ይገኛል ያለኝ አንድ ሰው የለም። አንዲት እማማ ብቻ ሞተሯ ተነስቶ ድምፅ ሲያጡባት "ይቺ አትተነፍስም እንዴ?" አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ያሉት ነገር ቆይቶ ነው የገባኝ።

በነገራችን ላይ 3.8 ሰከንድ ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። ቆማ የነበረች መኪና 50 ሜትር ገደማ እንደሄደች ፍጥነቷ 100 ይደርሳል ማለት ነው። ፒያሳ ላይ 50 ሜትር ውስጥ ስንት ባጃጅ፣ ስንት ተሸካሚ፣ ስንት ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ እንዳለ ለደሴ ሰው መንገር አያስፈልገኝም። እናቴን ሐይቅ ላድርሳት ብዬ አንዴ ብቻ ረገጥ አደረግኩት። በሩን በሁለት እጇ ይዛ "አውርደኝ ልጄ" አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያች መኪና አልሄደችም።

ሁለተኛው ትምህርት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ መጣ። ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከፍታቸው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ስትወርድ ሞተሯ ራሱ ይይዛታል፤ የያዘበትን ጉልበት መልሶ ባትሪ ውስጥ ይከትታል። ጥሩ ነገር ነው። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሞልቼ 100 በመቶ ይዤ ወጣሁ። የሞላ ባትሪ ደግሞ ምንም አይቀበልም። ሞልቶ የፈሰሰ እንስራ ላይ ውሃ እንደ መጨመር ነው። ሁልጊዜ የሚይዘኝ ሞተር የዚያን ቀን ለቀቀኝ። ከሁለት ቶን በላይ የምትመዝነውን መኪና በእግር ፍሬን ብቻ እየያዝኩ ጠመዝማዛውን ወረድኩ። ከኋላዬ የተጫነ አይሱዙ ነበር። ግማሽ ላይ ስደርስ የፍሬን ሽታ ገባኝ። ጥግ ይዤ ቆምኩ። ጎማው ጋ እጄን ሳስጠጋ የብረቱ ትኩሳት ከሩቅ ይጋረፋል።

እንደ ደሴ አናት ላይ ለምትኖሩ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቁልቁለት የምትጀምሩ ከሆነ ቻርጁን 80 ወይም 85 በመቶ ላይ አቁሙት። ስክሪኑ ላይ መወሰኛ አለው። አንዳንድ ባትሪ አልፎ አልፎ እስከ መቶ ይሞላ ተብሎ ይመከራል፤ የእኔም እንደዚያ ነው። እሱን ግን ሜዳ ለሜዳ በምትነዱበት ቀን አድርጉት።

ስለ ቻርጅ ካነሳን፣ እቤት የሆነውንም ልናገር። መጀመሪያ ሰሞን ግድግዳ ላይ ባለው ተራ ሶኬት ነበር የምሞላው። በዚያ መንገድ የሚገባው በሰዓት ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። የእኔ ባትሪ ከ80 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይይዛል። ከባዶ ብትጀምሩ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ማለት ነው፤ ያውም መብራት ካልሄደ። ገመዱ ስላልደረሰልኝ ኤክስቴንሽን ቀጠልኩ። የተረፈውን ጠቅልዬ ደረጃው ሥር አስቀመጥኩት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ልጄ "አባዬ፣ የሆነ ነገር ይሸታል" ብላ ቀሰቀሰችኝ። የተጠቀለለው ገመድ ላስቲኩ ለስልሶ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ሶኬቱ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል። ደረጃው እንጨት ነው። ሁለት ሰዓት ብንቆይ ኖሮ ብዬ አሁንም አስባለሁ።

በማግስቱ ጥሩ ኤሌክትሪሺያን አስመጣሁ። ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው ወፍራም መስመር ዘረጋ። የራሱ ብሬከር ገባለት። የመሬት ሽቦ ተቀበረ። ከዚያ ነው የ7 ኪሎዋቱን የግድግዳ ቻርጀር የሰቀልነው። አሁን ማታ ሰክቼ ጠዋት የሚበቃኝን አገኛለሁ። እናንተ ይሄን መኪናዋ ሳትመጣ አሠሩት። ኤክስቴንሽን ግድ ከሆነባችሁ ደግሞ ወፍራሙን ግዙ፣ ሙሉ በሙሉ ፍቱት፣ በጭራሽ ጠቅልላችሁ አትተዉት።

ከዚያ የአዲስ አበባው ጉዞ መጣ። ወረቀቱ ላይ በአንድ ሙሌት 650 ኪሎ ሜትር ይላል። አዲስ አበባ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። "ደርሼ ልመለስ ምንም አልቀረኝም" አልኩ። ቻይኖቹ የሚለኩበት ዘዴ ግን ለመኪናዋ የሚያዳላ ነው። አውሮፓውያኑ ያችኑ መኪና ሲለኳት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያንሳል። ሁለቱም ደግሞ የጣርማ በርን ዳገት አያውቁትም።

ከከሚሴ እስከ ሸዋ ሮቢት ሜዳ ነው። እዚያ ላይ አሮጥኳት። ዶልፊን አለፍኩ፣ አውቶቡስ አለፍኩ። ሙቀት ስለነበር ኤሲው ተከፍቷል። ሸዋ ሮቢት ስደርስ ባትሪው ከግማሽ በታች ነበር። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማ በር ዋሻ ድረስ ከ1,800 ሜትር በላይ ወደ ላይ ነው። አራት ሰው የጫነች ሁለት ቶን ተኩል መኪናን ያን ያህል ለማንሳት ብቻ 13 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መንገዱን ለመሄድ የሚፈጀው ሌላ ነው። ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ሲወርድ ኤሲውን ዘጋሁ። ቀጥሎ ሬዲዮውንም ዘጋሁ። ሬዲዮ ምንም እንደማይበላ አውቃለሁ፤ ጭንቀት ነው። ደብረ ብርሃን በ11 በመቶ ገባሁ።

በዚያ መንገድ ማምሸት እንደማይመከር ሁላችንም እናውቃለን። አንድ እንግዳ ማረፊያ አደርን። ባለቤቷ ደግ ሴት ነበሩ። ሶኬት ፈቀዱልኝ፣ ግን ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ተነስተው ሶኬቱን በመዳፋቸው ሲዳብሱ አየኋቸው። "ቤቴ እንዳይቃጠልብኝ ብዬ ነው ልጄ፣ እንዳትቀየመኝ" አሉኝ። የደረጃዬ ሥር ነገር ትዝ አለኝና እኔም ከእሳቸው ጋር አብሬ ተነሳሁ። ጠዋት 35 በመቶ ሆነ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ አብዛኛው ቁልቁለት ስለሆነ ደረስኩ።

ስለዚህ የወረቀቱን ቁጥር ለወሎ መንገድ ስታስቡት በልባችሁ አንድ ሦስተኛውን ቀንሱ። ደሴ አዲስ አበባ የምትመላለሱ ከሆነ መሃል ላይ የት እንደምትሞሉ፣ ሶኬታቸው ከእናንተ መኪና ጋር እንደሚገጥም አስቀድማችሁ ደውላችሁ አረጋግጡ። ለቻይና ገበያ የተሠራች መኪና ፈጣን ቻርጅ የምትቀበልበት አፍ ከአውሮፓው ይለያል።

አሁን የሚከብደኝ ጋ ደረስኩ። ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጧል። "አጎቴ፣ እስኪ አንዴ አሳየኝ" አለ። ፊት ለፊቴ ቀጥ ያለ፣ ባዶ መንገድ ነበር። "አብሽር" አልኩትና ረገጥኩት። ወንበሩ ጀርባችንን ሲይዘው ልጁ በደስታ ጮኸ።

ፍየሎቹ ከግራር ጥላ ሥር ነው የወጡት። እረኛው ሽርጥ የታጠቀ፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ዱላውን በትከሻው አጋድሞ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። እረኛ መንገድ የሚያቋርጠው በጆሮው ነው። አይሱዙ ከሆነ ከሩቅ ይሰማዋል፤ ባጃጅም ቢሆን ይሰማዋል። እኔን አልሰማኝም። ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ ያዝኩት። ቀበቶው ደረቴ ውስጥ ገባ። የቆምኩት ልጁ ጋ ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ ነው። አንዷ ፍየል ፓራውልቱን በቀንዷ ነክታ ሄደች።

ልጁ ዞር አለ። ዱላው ወደቀ። ከዚያ እኔን ሳያይ በጣቱ ፍየሎቹን መቁጠር ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሞልተውለት ሲያበቃ ነው ቀና ብሎ ያየኝ። "ድምፅ የላትም እኮ" አለ። ቁጣም ለቅሶም አልነበረበትም። እኔ ጉልበቴ ከድቶኝ በሩን ይዤ ቆሜ ነበር። አባቱ ከማሳ እየሮጡ መጡ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ልጁን ራሱን ዳብሰው "አልሐምዱሊላህ" አሉ። ቀጥለው እኔን አዩና "አንተም የልጅ አባት ትመስላለህ" አሉኝ። ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ገንዘብ ላውጣ ብል እጄን ያዙት።

ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ይሄን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። እማማም "አትተነፍስም እንዴ?" ያሉት ያን ቀን ነው የገባኝ።

ከዚያ ወዲህ መኪናዋን ኢኮ የሚባለው የቁጠባ አነዳድ ላይ አድርጌ ነው የምነዳት፤ ስትረግጡት ቀስ ብላ ነው የምትነሳው። ሰውና ከብት ባለበት ቀድሜ ጡሩምባ እነካለሁ። የእህቴን ልጅ ደግሞ ሄዶ ያንን ልጅ ይቅርታ እንዲጠይቅ አብሬው ወሰድኩት፤ ጥፋቱ የእኔ ቢሆንም እንዲያውቀው ብዬ ነው።

ይሄ ሁሉ ደርሶብኝ ስለነበር የቻይናዎቹን ገዢዎች ነገር ስሰማ በሌላ ዓይን ነው ያየሁት። ስልክ የሚሠራው የቻይናው ሻኦሚ ኤስዩ7 አልትራ የተባለችውን ፈጣን የኤሌክትሪክ መኪናውን መጀመሪያ ሲያስተዋውቃት 814,900 ዩዋን ነው ብሎ ነበር። በፈረንጆች የካቲት 2025 ለገበያ ስትቀርብ 529,900 ሆነች፤ ጉልበቷ ደግሞ 1,548 ፈረስ። ሰው ተሻምቶ አዘዘ። ግንቦት ላይ ኩባንያው በሶፍትዌር ጉልበቷን ወደ 900 ገደማ አወረደው፤ ሙሉውን የሚለቀው መወዳደሪያ ሜዳ ላይ ብቃቱን ላሳየ ነው አለ። ገዢዎቹ ተቆጡ። "ሙሉውን ከፍለን ግማሹን?" አሉ። ኩባንያውም ወደ ኋላ ተመለሰ። የከፈሉበትን መጠየቃቸው ልክ ነው፣ ገንዘብ ገንዘብ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ሐርቡ መንገድ ላይ አንድ ሰው ከሩቅ ሆኖ ጉልበቴን ቢይዝልኝ ኖሮ እጁን እስም ነበር።

ጥሩውንም ሳልናገር አልቀርም። ቤንዚን ሊትሩ ከ100 ብር ባለፈበት ጊዜ፣ ወረፋውም እንደምታውቁት ሆኖ፣ በመብራት መንዳት ትልቅ እፎይታ ነው። ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ። ዳገት ላይ ጭስ ሳትተፋ ሐረጎን ስትወጣ ደስ ትላለች። ይሄን ሁሉ ግን የምትሰጠኝ የኤሌክትሪክ መኪና ስለሆነች ነው። በ3.8 ሰከንድ ስለምትሮጥ አይደለም። ያው ባትሪ ያላት፣ ባለ አንድ ሞተሯ፣ ከፍ ብላ የምትቆመዋ እኮ በብዙ መቶ ሺህ ብር ትረክስ ነበር። የእኔዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች ሆዷ በየፍጥነት መቀነሻው ጉብታ ይፋቃል። የመጀመሪያው ጎማዬ ዓመት ከመንፈቅ አልሞላም፤ ክብደቷና አነሳሷ በላው። ልኩ ደሴም ኮምቦልቻም ጠፍቶ አዲስ አበባ ነው ያዘዝኩት። አሥራ አንድ ቀን ቆማለች። እና ከመግዛታችሁ በፊት ጎማው ላይ የተጻፈውን ቁጥር በስልካችሁ አንሱና የሰፈራችሁን ጎማ ሻጭ ጠይቁት።

የጎረቤቴ ልጅ ይሄን ሁሉ ዝም ብሎ ሰማኝ። ሲነሳ "ጋሼ፣ ውሉን ላምጣልዎት?" አለ። አመጣው። ሁለተኛውን ገጽ አብረን አነበብን። ያቺው መስመር አለች። ይሰረዝልኝ ብሎ እንዲጠይቅ ነገርኩት። ትናንት ማታ ደውሎልኝ ነበር። አንሰርዝም ብለውታል። ቀብዱን አልከፈለም። ቅዳሜ ከእኔ ጋር ኮምቦልቻ ወርዶ ባለ አንድ ሞተሯን የሚነዳ ወዳጄን ሊያናግር ነው፤ በ85 በመቶ ነው የምንወጣው።